የቤት ስቱዲዮ አየር ማስገቢያ ሲሠራ ቀረጻን የሚያበላሹ ስህተቶች

ፋን አስቀድሞ መግዛት። ብዙ ሰው ለመታጠቢያ ቤት የተሠራ ባለ 10 ሴንቲ ሜትር ፋን ይገዛና ቱቦውን በፋኑ አፍ ልክ ያደርገዋል። ስሌቱ መጀመር ያለበት ግን ከክፍሉ ነው። ወለሉ 4 በ3፣ ከፍታው 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል 30 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። አየሩ በሰዓት 6 ጊዜ እንዲለወጥ በሰዓት 180 ሜትር ኩብ፣ ማለትም በሴኮንድ 50 ሊትር ያስፈልጋል። ለአንድ ሰው በሴኮንድ 10 ሊትር ቢታሰብ ለአምስት ሰው ይበቃል።

ቀጥሎ ፍጥነቱ ይወሰናል። ማይክ ባለበት ክፍል አየሩ በሴኮንድ ከ1.5 ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። 0.05 ለ1.5 ሲካፈል 0.033 ሜትር ካሬ ይሆናል፤ ይህም ዲያሜትሩ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ክብ ቱቦ ነው። ያው አየር በ10 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ሲያልፍ ፍጥነቱ 6.4 ሜትር ይደርሳል። ፍጥነት በእጥፍ ባደገ ቁጥር ከመታጠፊያውና ከግሪሉ (የቱቦው አፍ ላይ ከሚገጠመው ፍርግርግ) የሚወጣው ሹክሹክታ ወደ 15 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ይጨምራል፤ እዚህ ላይ አራት እጥፍ ስለሆነ ጭማሪው ወደ 30 ይጠጋል። ውድ ፋን ይህን አያድነውም፤ የሚጮኸው አየሩ ራሱ ነው። ገንዘብ ካጠረ ከፋኑ ቀንሰው ለቱቦው ስፋት ይጨምሩ።

የሽፋኑን ውፍረት መርሳት። 20 በ20 የሆነ የኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) ቱቦ ድምፅ እንዲውጥ በአራቱም ጎን 2.5 ሴንቲ ሜትር ፋይበርግላስ ሲለብስ 15 በ15 ይቀራል፤ ከ400 ካሬ ሴንቲ ሜትር ወደ 225 ወረደ ማለት ነው። ስለዚህ ሽፋኑ ከመግባቱ በፊት ውስጡ 24 በ24 ይሁን። ሽፋኑ 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ወፍራም ድምፆችን የተሻለ ይይዛል፤ ያኔ 29 በ29 ይሠራል። የፍራሽ ስፖንጅ በፍጹም አይለጥፉ፤ እሳት ቶሎ ይይዘዋል። ግሪሉም እንዲሁ ነው፦ ክፍቱ 60 በመቶ ብቻ ከሆነ 20 በ20 አይበቃም፣ 25 በ25 ይውሰዱ።

መውጫ አለመሥራት። በሩ በጎማ ከታሸገ በኋላ የሚገባው አየር መሄጃ ያጣል። ተመሳሳይ ስፋት ያለው መውጫ በተቃራኒው ጥግ ይሠራ።

ተጣጣፊውን ቱቦ ሳይወጥሩ ማስገባት። የተጨማደደ ቱቦ አየሩን ይይዛል፣ ያንሾካሽካል። ይወጠር፤ ሲታጠፍም በሰፊው ይሁን። የአየር መቆጣጠሪያ ክዳን ከግሪሉ ሥር ሳይሆን ከፋኑ አጠገብ ይግባ።

ፋኑን ከብሎኬቱ ጋር ማሰር። ግድግዳው ንዝረቱን ተቀብሎ ይዘምራል። ከስቱዲዮው ውጭ በጎማ ይንጠልጠል፤ ከቱቦው ጋርም በሸራ ይገናኝ። ግድግዳው ላይ የተበሳው 20 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ደግሞ ድምፅ ያሾልካል። ድርብ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ሳጥን ገጥመው፣ ውስጡን በፋይበርግላስ አልብሰው አየሩን ሁለት ሦስት ጊዜ ያጥፉት፤ የሳጥኑ ጠባብ ቦታ ግን ከ0.033 ሜትር ካሬ አይነስ። ዙሪያውን በሲሊኮን ይድፈኑት።

ይህን እንደ ማቀዝቀዣ መቁጠር። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሯ ስስ ነው፤ በሴኮንድ 50 ሊትር አየር ለአንድ ዲግሪ ልዩነት የሚሸከመው ሙቀት ወደ 46 ዋት ነው፤ በባሕር ጠለል ላይ ቢሆን 60 ነበር። ሁለት ሰውና አንድ ኮምፒውተር 400 ዋት ቢያወጡ በደንብ የታሸገው ክፍል ከውጭው ወደ 9 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። ቀን ቀን ለሚቀርጽ ሰው ኤሲ ያስፈልጋል፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ስፕሊት ኤሲ ግን የክፍሉን አየር ብቻ ስለሚያዞር ቱቦውን አይተካም።