የሰርጉ ዕቁብ መጀመሪያ ብድር ይዝጋ

ወለድ የሚቆጥር ብድር ይዛችሁ ሰርግ ለምታስቡ፣ እኛን የጠቀመንን ላካፍላችሁ። እኔና እጮኛዬ ደሴ ነን። ለሰርጋችን ብለን አስር ሰው ያለበት ዕቁብ ገባን፤ በወር 6,000 ብር። ሲደርስ 60,000 ማለት ነው። ዕጣው በሦስተኛው ወር ወጣልን። ለአዳራሽ ቀብድ ልንሰጠው ስንል ቁጭ ብለን አሰላነው። ዕቁብ ወለድ የለውም። ብድራችን ግን በየወሩ ይጨምራል። ስለዚህ ብሩን እንዳለ ለብድሩ ከፈልነው። የቀረውን መዋጮ ያለ ወለድ እየጣልን ነው። ዕጣ ካልወጣላችሁ ዳኛውን አናግሩ፤ ከደረሰው ሰው ጋር መለዋወጥ የሚፈቅድ ብዙ ዕቁብ አለ። ብድሩን ስትዘጉ ደግሞ ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚገልጽ ደብዳቤ ሳትይዙ እንዳትወጡ።

አዳራሹን ተውነው። የእናቴ እድር ድንኳን፣ ወንበርና ትልልቅ ብረት ድስት ለአባላቱ ያውሳል። ቀኑን ግን ቀድማችሁ አስመዝግቡ፤ ጥር ላይ ሰርጉ ብዙ ነው። በርበሬውን ዛላውን ገዝተን እቤት አዘጋጀነው። እናቴና ጎረቤቶቿ በረንዳ ላይ ሰፌድ ይዘው እያወሩ ሲቀነጥሱት ዋሉ። ለእኔ ሰርጉ የዚያን ቀን ነው የጀመረው። የእጮኛዬ ዘመዶች ኮምቦልቻ ናቸው፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ማታውኑ ይመለሳሉ። የማደሪያ ወጪ የለብንም።