የተበከለ ቦታ የማጽዳት ሥራን ለሥራ አጥ ነዋሪዎች እንዴት ማሠልጠን ይቻላል?

በተዘጋ ፋብሪካ ወይም በአሮጌ የነዳጅ ማከማቻ አጠገብ የሚኖር ሰው ቦታው የሚጸዳበት ቀን ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ተመልካች ሆኖ ይቀራል። ሠራተኞች ከሌላ ቦታ ይመጣሉ፣ አጥር ያጥራሉ፣ ጨርሰው ይሄዳሉ፤ ሥራ ያጣው ጎረቤት አጥሩን ተደግፎ ያያል። ብክለቱን ለዓመታት ሲተነፍስ የኖረ ሰው ከማጽዳቱ ሥራ እንጀራ ሊያገኝ ይገባል ብዬ ነው ወደዚህ ሥልጠና የገባሁት። በመንገዱ ላይ ጥቂት የማያኮሩ ስህተቶች ሠርቻለሁ።

1. ከቀጣሪው ተነሱ። ሠልጣኝ ከመመዝገባችሁ በፊት በአካባቢው የማጽዳት ሥራ የሚይዙትን ተቋራጮች ምን ዓይነት ሠራተኛ እንደሚፈልጉ ጠይቁ። እኔ በመጀመሪያው ዙር አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ፣ በአሮጌ ሕንፃዎች የሚገኝ ማዕድን) ስለማንሳት በሚገባ አስተማርኩ፤ በአቅራቢያው የነበረው ሥራ ግን ነዳጅ የሰረገበትን አፈር ቆፍሮ ማውጣት ነበር። ሠልጣኞቼ የምስክር ወረቀታቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

2. ሠልጣኝ ስትመርጡ የጤና ምርመራውን አስቀድሙ። ማጣሪያ ባለው ጭንብል መተንፈስ በሳንባና በልብ ላይ ጫና ስላለው የማይችለው ሰው አለ። ይህን በሥልጠናው ማብቂያ ላይ መንገር ጭካኔ ነው። ማንበብ አለመቻል ግን ማንንም ባያስቀር ደስ ይለኛል፤ በኬሚካል መያዣዎች ላይ የሚለጠፉት ዓለም አቀፍ የአደጋ ምልክቶች 9 ብቻ ስለሆኑ በሥዕል ይጠናሉ። የዕለት አበልም መድቡ። የቀን ሥራውን ትቶ የሚመጣ አባወራ ልጆቹን ተስፋ አያበላም።

3. ሰዓቱን ወስኑ። በአሜሪካ ደንብ አደገኛ ቆሻሻ ባለበት ቦታ አዘውትሮ የሚሠራ ሰው ቢያንስ የ40 ሰዓት ሥልጠናና በባለሙያ ቁጥጥር ሥር የ3 ቀን የመስክ ልምምድ ያስፈልገዋል፤ በየዓመቱም የ8 ሰዓት ማደሻ አለ። አገራችሁ የራሷ ደንብ ካላት እርሱን ተከተሉ፤ ከሌላት ይህ ጥሩ መነሻ ነው። ቢያንስ ግማሹ ሰዓት ግን ከመማሪያ ክፍል ውጭ ይለፍ። በፕሮጀክተር ብቻ የሚሰጥ ሥልጠና ገንዘብ ማባከን ነው ባይ ነኝ።

4. በግቢ ውስጥ በገመድ ሦስት ክልል ከልሉ፦ የተበከለው፣ መታጠቢያው፣ ንጹሑ። ከመጀመሪያው ወደ ሦስተኛው በመታጠቢያው በኩል ካልሆነ ማለፊያ የለም፤ አሠልጣኙንም ጨምሮ።

5. ጭንብሉን ፊት ላይ ልኩ። ጢም ካለ ጠርዙ ከቆዳ ጋር አይገጥምም፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። የአቧራ ማጣሪያ ጋዝ እንደማያስቀር ደግሞ ደጋግማችሁ ንገሩ፤ ብዙ ሰው ጭንብል ካደረገ ሁሉም ነገር የተከለከለለት ይመስለዋል። አለባበሱን ራሳቸው ይለምዱታል።

6. ማውለቅን አስተምሩ። ከሥልጠናው ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ እኔ ግን ለረጅም ጊዜ እንደ ቀላል ነገር አልፈው ነበር። አንድ ቀን አንድ ጎበዝ ሠልጣኝ ልምምዱን ጨርሶ በላብ ተጠምቆ መጣ። መጀመሪያ ጭንብሉን አወለቀ፣ በረጅሙ ተነፈሰ፣ ከዚያ ቱታውን አውልቆ እንደ ነጠላ አራገፈው። እኔም ፈጣን ነህ ብዬ አመሰገንኩት። የሆነውን የተረዳሁት ማታ ነበር። አቧራው ያለው ቱታው ላይ ነው፤ ልጁ ያራገፈው ደግሞ አፍንጫውን ከገለጠ በኋላ ነው። እውነተኛ አስቤስቶስ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ምንም አያመውም ነበር። በሽታው የሚገለጠው ብዙውን ጊዜ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ስለሆነ ስህተቱ ለማንም አይታይም። መርዛማው ብረት የእርሳስ ብናኝ ከሆነም በልብስና በጫማ ቤት ድረስ ሄዶ ወለል ላይ የሚድኸውን ሕፃን ያገኘዋል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ቦት ጫማውና የላይኛው ጓንት ከሰውየው ሳይወጡ በውሃና በሳሙና ይታጠባሉ። ጓንቱንና ጫማውን ከቱታው ጋር ያያያዘው ማጣበቂያ ይላጣል፣ የላይኛው ጓንት ይወልቃል። ቱታው ከትከሻ ጀምሮ ውስጡ ወደ ውጭ እየተገለበጠ ወደ ታች ይጠቀለላል፤ አይራገፍም፣ አይጎተትም። ከጫማው ጋር አብሮ ይወጣና ወደ ከረጢት ይገባል። እስከዚህ ድረስ ጭንብሉ ፊት ላይ ነው። ቀጥሎ ከኋላ በማሰሪያው ተይዞ ይወልቃል፣ የጭንብሉን የፊት ገጽ መንካት አይፈቀድም። የውስጠኛው ጓንት የመጨረሻው ነው። ከዚያ እጅና ፊት መታጠብ፣ የሚቻል ከሆነም ሙሉ ገላ።

ይህን በቃል ብትነግሯቸው ሁሉም ገባን ይላሉ። ስለዚህ በደንብ የደቀቀ ከሰል በነጩ ቱታ ላይ ጥቂት ነስንሱና ጭንብል እንዳደረጉ እንዲያወልቁ አድርጉ። ሲጨርሱ መስተዋት ስጧቸው። ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ የሚያበራ ዱቄትና ልዩ መብራት አለ፤ ውድ ነው፣ ከከሰሉ የበለጠ ሲያስተምርም አላየሁም። አንድም ጥቁር ነጥብ ሳይገኝበት ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ያላወለቀ ሰው ከእኔ ዘንድ የምስክር ወረቀት አይወስድም።

7. በመጨረሻው ቀን ቀጣሪዎቹን ጥሩ። ንግግር አታብዙ፤ የከሰሉን ልምምድ አሳዩአቸው። አንድ ተቋራጭ ከእኔ ሠልጣኞች አራቱን እዚያው ቆሞ መርጧል።

8. ከስድስት ወር በኋላ የተቀጠሩትንም መልሳችሁ ጥሩና ከሰሉን እንደገና ነስንሱ። መስተዋቱን ለአንገታቸው ያዙላቸው፤ መጀመሪያ የሚዘነጋው የአንገት ጀርባ ነው።