ከዲል እስከ ዶቨር በእግር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለንደን ለሚኖር አበሻ የባሕር ሽርሽር ማለት ብዙ ጊዜ ብራይተን ነው። ባቡር፣ ጠጠር ላይ መቀመጥ፣ ችፕስ፣ ወደ ቤት። ክፋት የለውም። ግን ከሴንት ፓንክራስ በፈጣኑ ባቡር ከተነሳችሁ አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ዲል ትደርሳላችሁ። ከዚያ እስከ ዶቨር 16 ኪሎ ሜትር ገደማ የእግር መንገድ አለ። ባሕሩ በግራ፣ ሦስት የድሮ ግንቦች በመንገድ ላይ፣ መሐሉ ደግሞ ስመ ጥሩው ነጭ ገደል። መንገዱ ነፃ ነው፤ ለጤነኛ ሰውም ከባድ የሚባል አይደለም። ቀኑን የሚያበላሹት የሚከተሉት ናቸው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሦስቱንም ግንብ ካልገባሁ ማለት

ዋናው ስህተት ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ሰው ካርታውን አይቶ "ሦስት ግንብ በአንድ ቀን!" ይልና ይጓጓል። ከዚያ ዲል ላይ ሁለት ሰዓት ያጠፋል፤ ዋልመር ላይ ሁለት ሰዓት ይጨምራል፤ ገደሉ ላይ ሲደርስ ቀኑ አልቋል። መንገዱ ብቻውን ከ5 እስከ 6 ሰዓት ይፈልጋል። ስለዚህ መምረጥ ግድ ነው።

የዲልን ግንብ ከውጭ እዩት። ግንብ ሲባል የጎንደሩን የፋሲል ግንብ በዓይነ ኅሊናው ይዞ የሚመጣ ሰው እዚህ ሲደርስ "ይቺ ናት እንዴ?" ማለቱ አይቀርም። ከመንገዱ የሚታየው ደረቅ ቦይና ወፍራም፣ ዝቅ ያለ፣ ክብ ግድግዳ ነው። ግን እንዲህ የሆነው በምክንያት ነው። ሄንሪ 8ኛ ከሮም ቤተ ክርስቲያን ከተጣላ በኋላ ፈረንሳይና ስፔን አብረው ይመጡብኛል ብሎ ፈራ። በ1539 እና በ1540 የባሕሩን ዳር በጥድፊያ በምሽግ አጠረው። ዘመኑ የመድፍ ነው። ረጅም ግድግዳ ለመድፍ ዒላማ ከመሆን አያልፍም። ስለዚህ አጭር፣ ወፍራምና ክብ አድርገው ሠሩት፤ ጥይቱ መትቶት እንዲንሸራተት። ከሰማይ ሲታይ ባለ ስድስት ቅጠል አበባ ይመስላል፤ ከመሬት ግን ይሄ አይታይም። ቦዩን ዞር ዞር ብላችሁ መድፎቹ የተኮሱባቸውን ቀዳዳዎች ካያችሁ ይበቃል። አሥር ደቂቃ ነው።

አንዱን ልግባ ካላችሁ ዋልመር ይሁን። በባሕሩ ዳር ሜዳ ሜዳውን ግማሽ ሰዓት ብትራመዱ ነው። በዚያው ዘመን ለጦርነት ተሠርቶ ኋላ መኖሪያ ቤት ሆነ። ናፖሊዮንን ዋተርሉ ላይ ያሸነፈው ዌሊንግተን በ1852 የሞተው እዚህ ነው፤ አልጋው ላይ ሳይሆን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ። ወንበሩ ዛሬም አለ። በስሙ የሚጠራው ቡትስ ጫማም አለ። የአትክልት ቦታው ሰፊ ስለሆነ ሰዓታችሁን እያያችሁ ግቡ።

ዶቨርን ለሌላ ቀን ተዉት። ዳግማዊ ሄንሪ በ1180ዎቹ ያሠራው ትልቁ ግንብ፣ በቅጥሩ ውስጥ ያለው የሮማውያን የመብራት ግንብ፣ ከሥሩ ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1940፣ ከፈረንሳይዋ ደንከርክ ከ338,000 በላይ ወታደር የማውጣቱ ዘመቻ የተመራበት ዋሻ። ይሄ ሁሉ ራሱን የቻለ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። እግር ዝሎ፣ ሊዘጋ አንድ ሰዓት ሲቀረው ትኬት መቁረጥ ብር መጣል ነው።

ስለ ትኬት ካነሳን፦ ሦስቱም ግንቦች የኢንግሊሽ ሄሪቴጅ ናቸው። በገደሉ በኩል ያለው መኪና ማቆሚያና የሳውዝ ፎርላንድ የመብራት ግንብ ደግሞ የሌላ ድርጅት፣ የናሽናል ትረስት። የአንዱ አባልነት ካርድ በሌላው ላይ አይሠራም። በር ላይ ቆሞ መከራከር ዋጋ የለውም።

ነጩን ገደል ለማየት ጠርዙ ላይ መቆም

ይሄኛው ቀልድ የለውም። ገደሉ ከጠመኔ ነው፤ ያው ትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ የምንጽፍበት ዓይነት ድንጋይ። ቦታ ቦታ ላይ ከባሕሩ ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ዝናብ ይገባበታል፣ ብርድ ይሰነጥቀዋል፣ ባሕሩ ከሥር ይበላዋል። በመጋቢት 2012 ዶቨር አጠገብ ትልቅ ክፍል ተንዶ ባሕር ገብቷል። አብዛኛው ቦታ አጥር የለውም። ከላይ የምትረግጡት ሣር ከሥሩ ባዶ መሆን አለመሆኑን የምታውቁበት መንገድም የለም።

ሰው ወደ ጠርዙ የሚሄደው ለምን እንደሆነ ግን ይገባኛል። ነጩን ገደል ለማየት መጥቶ ከላይ ሲሆን የሚያየው አረንጓዴ ሣር ብቻ ነው! ነጩ ከእግሩ ሥር ነው። ስለዚህ ቀረብ ይላል፣ ስልኩን ይዘረጋል፣ ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ ሴልፊ ይነሳል። ይሄን አታድርጉ። መፍትሔው ቀላል ነው። ወደ ዶቨር ስትቃረቡ ላንግደን የሚባለው ቦታ ላይ ዳርቻው ወደ ውስጥ ይታጠፋል። እዚያ መንገዱ ላይ እንደቆማችሁ ማዶ ያለው ገደል ከአናቱ እስከ እግሩ ይታያችኋል። ወይም ሴንት ማርጋሬት ባሕር ዳር ወርዳችሁ ቀና በሉ። ለፎቶም የተሻለው ያ ነው።

ከገደሉ ሥር በአቋራጭ ልሂድ ማለት

ከዋልመር አልፋችሁ ኪንግስዳውን ላይ ቤቶቹ ሲያልቁ መንገዱ ወደ አናቱ ይወጣል። ከታች ደግሞ በጠጠሩ ላይ የሚቀጥል ሜዳ ይታያል። ዳገቱን ያየ ሰው "በታች በኩል እንሂድ" ይላል። እንቢ በሉት።

ጣና ወይም ላንጋኖ ዳር ያደገ ሰው ውኃው ጠዋት ባየበት ማታም ያገኘዋል። እዚህ ግን ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ዶቨር ላይ በሙላቱና በሽሹ መካከል ያለው ልዩነት 6 ሜትር ያህል ነው። ሁለት ፎቅ ማለት ነው። ሰፊ ሆኖ የነበረው ጠጠር ጥቂት ሰዓት ቆይቶ የለም፤ ከኋላችሁ ገደል፣ ከፊታችሁ ውኃ። ሰዓቱ ደግሞ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይገፋል፤ ስለዚህ ባለፈው ሳምንት የሄደ ጓደኛ የነገራችሁ አይሠራም። የኦክ ፍሬ ምልክት ያለበትን መንገድ ተከተሉ፤ በአናቱ ነው የሚወስዳችሁ። ድንገት የሆነ ችግር ከገጠማችሁ 999 ደውላችሁ የባሕር ዳርቻ ጠባቂዎችን ጠይቁ።

ስልኩን አምኖ መሄድ

ሴንት ማርጋሬት ላይ ገደሉ ከጀርባ የእንግሊዝን ኔትወርክ ይከልላል። ፈረንሳይ ደግሞ ፊት ለፊት ናት፤ በዚህ በኩል ባሕሩ ሲጠብብ 33 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ስልካችሁ ምን ያደርጋል? የፈረንሳይን ይይዛል። "እንኳን ወደ ፈረንሳይ በደህና መጡ" የሚል መልእክት ይመጣል፤ ሰዓቱም በአንድ ሰዓት ይዘላል። ከዚያ "ባቡር አመለጠን!" ተብሎ ሩጫ። የአበሻ ሰዓትና የእንግሊዝ ሰዓት አልበቃን ብሎ የፈረንሳይ ሲጨመርበት አስቡት። ከመውረዳችሁ በፊት ሮሚንግ አጥፉ። የእጅ ሰዓት ያለው ሰው ካለ በእሱ ተመሩ።

ሰማዩ ጥርት ካለ ማዶ የካሌ አካባቢ ይታያል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ካሌ የሚለው ስም ለአንዳንዶቻችን የሽርሽር ስም አይደለም። አብሯችሁ ከሚሄደው ሰው አንዱ ያንን ውኃ በሌላ መንገድ የተሻገረ ሊሆን ይችላል። ዝም ካለ፣ ዝም ይበል። "አንተስ እንዴት ነበር የመጣኸው?" የሚለው ጥያቄ እዚያ ቦታ ላይ አይጠየቅም።

ለምሳ በመንገድ ላይ መተማመን

ዲል ላይ የምትፈልጉት ሁሉ አለ። ከኪንግስዳውን በኋላ ግን ሴንት ማርጋሬት ያለው መጠጥ ቤትና ሻይ ቤት፣ ከፍ ሲል ደግሞ የሳውዝ ፎርላንድ የመብራት ግንብ ሻይ ቤት ነው ያለው፤ እሱም እንደ ወቅቱ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ውኃ፣ ዳቦና ቆሎ ያዙ። ችፕስ ከገዛችሁ የባሕር ወፎቹን ጠብቁ፤ ከእጅ ላይ ነው የሚነጥቁት። የረቡዕና የዓርብ ጿሚ ካለ ዓሣው ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ቤት ጨርሳችሁ ኑ።

የመብራት ግንቡ ክፍት ከሆነ ግን ጎራ በሉ። የሬዲዮ ፈር ቀዳጁ ማርኮኒ በ1898 መጨረሻ ላይ ባሕር ላይ ከቆመ መርከብ ጋር ያለ ሽቦ የተገናኘው ከዚህ ነው።

ጫማና ልብስ

ዲል ላይ በጠጠሩ መራመድ ጉልበት ይጨርሳል፤ ከጎኑ የተነጠፈ መንገድ አለ። እርጥብ ጠመኔ ደግሞ ሳሙና ነው፤ ጥርሱ ያለቀ ስኒከር አያዋጣም። ሐምሌም ቢሆን ነፋስ የማያሳልፍ ጃኬት ያዙ። የሕፃን ጋሪ ይዞ መምጣት አይታሰብም፤ ደረጃና ጠባብ በር አለ። በታኅሣሥ ከመጣችሁ በእንግሊዝ ሰዓት ከቀኑ 4 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች፣ ስለዚህ በጠዋት ጀምሩ ወይም ግማሹን ብቻ ሂዱ።

ነፋሱ እዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከደቡብ ምዕራብ ነው። ከዲል ወደ ዶቨር ስትሄዱ ፊታችሁን ይመታል። ትንበያው ኃይለኛ ነፋስ ካለ ገልብጡት፤ ከዶቨር ጀምሩ። ዳገቱን በማለዳው ጉልበት ትጨርሱታላችሁ፤ ነፋሱም ከኋላ ይገፋችኋል።

ወደቡን አይቶ "ደረስን" ማለት

ከገደሉ ላይ የዶቨር ወደብና የሚወጡ የሚገቡት መርከቦች ወለል ብለው ሲታዩ ሁሉም ሰው ይዝናናል፤ ተቀምጦ ሻይ ያዛል። ባቡር ጣቢያው ግን ከከተማው ወዲያ ማዶ ነው። ከናሽናል ትረስት ሻይ ቤት ቁልቁል ወርዶ፣ በከባድ መኪናዎቹ መንገድ ሥር አልፎ፣ ከተማውን አቋርጦ እስኪደረስ በደከመ እግር ከ45 ደቂቃ አያንስም። የባቡሩን ሰዓት ስታስቡ ይሄንን ደምሩበት። መኪናችሁን ዲል ያቆማችሁ ከሆነ ከዶቨር ወደዚያ የሚመልስ ባቡር አለ፤ ሩቅ አይደለም። እሑድ ከሆነ ግን ከቤት ሳትወጡ አረጋግጡ። ሐዲድ ሲጠገን ባቡሩ በአውቶቡስ ይተካል፤ ያኔ ሁሉም ነገር ይረዝማል።