ስለ ፓርኪንሰን ለሰፈር ሰው ስናስረዳ የምንሠራቸው ስህተቶች

እዚህ ደሴ፣ ቅሬያችን (እድራችን) በተሰበሰበ ቁጥር ስለ ፓርኪንሰን፣ እንቅስቃሴን ስለሚያውከው የአንጎል ሕመም፣ ትንሽ ማውራት ከጀመርን ቆየን። ሐኪም የለንም። አንዷ አባቷን የምታስታምም ናት፣ አንዱ ባለሱቅ ነው፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር። ብዙ ተሳስተናል፤ እናንተ አትድገሙት።

ትልቁ ስህተታችን መንቀጥቀጥን ብቻ ማውራት ነበር። «እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ካያችሁ…» እያልን ስንለፈልፍ አንድ አባት ፊት ለፊታችን ተቀምጠዋል። እጃቸው ንቅንቅ አይልም። ግን የኮታቸውን ቁልፍ ቆልፈው እስኪጨርሱ ቡናው ቶና ይደርሳል። ፊታቸው አይፈታም፣ ድምፃቸው ቀንሷል። ሰዉ «ኮሩብን» ብሎ አምቷቸዋል። ኋላ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ፓርኪንሰን ሆነ። ዶፓሚን የሚባለውን፣ ለእንቅስቃሴ የሚያስፈልገውን ንጥረ ነገር የሚያመርቱት የአንጎል ሴሎች እየሞቱ ሲሄዱ እንቅስቃሴ ይዘገያል፣ ሰውነት ይገተራል፣ ፊትም ሳቁን ይደብቃል። ጨርሶ የማይንቀጠቀጥ ሕመምተኛም አለ። አሁን ወሬያችንን የምንጀምረው ከዝግታው ነው።

የዚህ ግልባጭ ደግሞ የተንቀጠቀጠውን ሁሉ ፓርኪንሰን ማለት ነው። የፓርኪንሰን መንቀጥቀጥ ብዙውን ጊዜ የሚታየው እጅ ጭን ላይ አርፎ ሳለ ነው። ሲኒ ሲያነሳ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሌላ ችግር ሊኖርበት ይችላል። የታይሮይድ ዕጢም፣ አንዳንድ መድኃኒትም ያንቀጠቅጣል። ቡና ላይ ምርመራ የለም፤ ሐኪም ይየው።

ጸበልና ዱኣን መንቀፍ የእኔ ጥፋት ነበር። «ዛር አይደለም፣ ጸበሉን ተዉት» ብዬ ቁጭ አልኩ። ግማሹ ሰው ነጠላውን አራግፎ ሄደ። እውነቴን ነው፣ በወሎ እንዲህ ብሎ የሚሰማው የለም። ነገሩን ያስተካከሉት አንድ ሼህ ናቸው፤ ዱኣውም ይደረግ፣ ኪኒኑም በሰዓቱ ይዋጥ አሉ፣ አለቀ። ዋናው ኪኒኑ እንዳይቋረጥ ነው። ሌቮዶፓን፣ ዋናውን የፓርኪንሰን መድኃኒት፣ በድንገት ማቆም ለሕይወት ያሰጋል። ረመዳን ወይም ሁዳዴ የሚጾም ካለም ስለ ሰዓቱ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

«ይድናል» ብላችሁ ተስፋ አትስጡ። ኪኒኑ ምልክቱን ያቀላል እንጂ በሽታውን አያጠፋውም። እንደማይተላለፍ ግን ደጋግማችሁ ተናገሩ፤ ለሕመምተኛ ሲኒ የሚለይበት ቤት አሁንም አለ።

ሚያዝያ 3 የዓለም የፓርኪንሰን ቀን ነው። ጥሩ ነው፣ ግን በዓመት አንዴ ተናግሮ መጥፋት ዋጋ የለውም።

የመጨረሻው አሁንም ያሳፍረኛል። አንዲትን እናት ሳናስፈቅድ «እስቲ ይነሱና ይንገሩን» አልናቸው። ጭንቀት መንቀጥቀጡን ያባብሰዋል። እስከ አፉ የተሞላው ሲኒ ከእጃቸው ነጠላቸው ላይ ተደፋ። ለሁለት ወር ከቅሬው ቀሩ። ቤታቸው ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። አሁን ቡና የምትቀዳው ልጅ ለእሳቸው ሲኒውን ግማሽ ብቻ ትሞላለች፤ ማንም ምንም አይልም።