አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ቋጥኛማ የባሕር ዳርቻን በዘይት ቀለም፣ በኢምፕሬሽኒስት ስልት እንዴት መሣል ይቻላል?

ባሕሩን ከፎቶ ታገኙታላችሁ። ድንጋዩን ግን በዓይናችሁ እዩት። ፎቶ ጥላን ድፍን ጥቁር ያደርገዋል፤ የኢምፕሬሽኒስት ሥዕል፣ ማለትም የብርሃንን የቅጽበት መልክ በብሩሽ ምት የሚይዘው ሥዕል፣ ውበት ደግሞ ያለው እዚያው ጥላው ውስጥ ነው።

ስለዚህ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ስትወርዱ አንድ የጥቁር ድንጋይ አጥር ፊት ቁሙ። አላፊ አግዳሚው ቢገረም ይገረም። ፀሐይ የመታው ፊት ወደ ቢጫና ሮዝ ያደላል። ጥላው ላይ ሰማዩ ስለሚያርፍበት ሐምራዊና ሰማያዊ ታያላችሁ። ከታች በኩል ደግሞ ከመሬቱ የተንጸባረቀ ሞቅ ያለ ቡናማ አለ። ያያችሁትን ቀለም በደብተር ጻፉት። ኢምፕሬሽኒስቱ ፈረንሳዊ ሠዓሊ ክሎድ ሞኔም በ1886 እ.ኤ.አ. ቤል ኢል በምትባለው የፈረንሳይ ደሴት የአትላንቲክን ቋጥኞች ሲሥል ጨለማቸውን የሠራው በሐምራዊ፣ በሰማያዊና በአረንጓዴ ነው።

ዕቃው ብዙ አይደለም። 40 በ50 ሴንቲ ሜትር ሸራ፣ ጠንካራ ጸጉር ያላቸው ሦስት ጠፍጣፋ ብሩሾች፣ ቀለም ማቅጠኛ ተርፔንታይን፣ ለሥዕል የተዘጋጀ የተልባ ዘይት፣ ጨርቅ። ከቀለም ነጭ፣ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ ቪሪዲያን አረንጓዴ፣ ካድሚየም ቢጫ፣ ኦከር (የአፈር ቢጫ)፣ አሊዛሪን ቀይ እና በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ) ይበቃሉ። ጥቁር አትግዙ። ካለ እጃችሁ ወደሱ ይሄዳል።

መጀመሪያ በርንት ሲየናን በተርፔንታይን አቅጥናችሁ ሸራውን ቀቡና በጨርቅ ጥረጉት። ኢምፕሬሽኒስቶቹ ብዙ ጊዜ ነጣ ያለ መሠረት ላይ ነበር የሚሠሩት። ለጀማሪ ግን በሰማያዊዎቹ መሃል ብቅ የሚል ሞቅ ያለ ቀለም ትልቅ እገዛ ነው።

ቀጥሎ የአድማስ መስመሩን ከመሃል ከፍ አድርጋችሁ በማስመሪያ አስምሩ። ትንሽ ካዘነበለ ባሕሩ የሚፈስ ይመስላል። ቋጥኞቹን በቀጭን ሰማያዊ፣ በትልልቅ ቅርጽ ብቻ ንደፉ።

አሁን ጨለማውን። አልትራማሪን ከበርንት ሲየና ጋር ሲደባለቅ ጥቁር ለማለት የሚያስደፍር ቀለም ይሰጣል። አሊዛሪን ጠብ ሲደረግበት ሐምራዊ ይሆናል። ፓሌቱ (የቀለም ማደባለቂያው ሰሌዳ) ላይ አታሹት፤ በከፊል ብቻ የተደባለቀ ይሁን። ብሩሹ የድንጋዩን ፊት ይከተል፦ ቀጥ ያለው ገጽ ላይ ከላይ ወደ ታች፣ አናቱ ላይ አግድም። ፀሐይ ያረፈበት ላይ ኦከር፣ ነጭና ትንሽ አሊዛሪን ጣል አድርጉ። አንዴ ያሳረፋችሁትን አትነካኩት። በየምቱ ብሩሹን በጨርቅ ጥረጉ፤ አለዚያ ሁሉም ጭቃ ይሆናል።

ባሕሩ ሩቅ ላይ አጫጭር የአልትራማሪንና የነጭ ምት፣ ቅርብ ላይ ሰፋ ያለ ቪሪዲያን ከቢጫ ጋር ነው። ብርሃን የሚያልፍበት የማዕበሉ ስስ ጫፍ ቢጫ አረንጓዴ ይሁን። አረፋ ነጭ ነው ብላችሁ አትሸወዱ፤ አብዛኛው ሐምራዊ ግራጫ ነው። ንጹሑን ነጭ ለመጨረሻ አስቀምጡና ሦስት አራት ቦታ ላይ ወፈር አድርጋችሁ ለጥፉት። አረፋው ድንጋዩን የሚመታበት ጠርዝ ይደብዝዝ። ድንጋዩ ከሰማይ ጋር የሚገናኝበት ግን ጥርት ይበል።

ብርሃንን በተመለከተ፣ የፈረንጅ መጻሕፍት ቀጥታ ፀሐይ እንዳይገባ ሁሌ የሰሜን መስኮት ይላሉ። እኛ ጋ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ስለሆነ በነዚያ ወራት ወደ ደቡቡ መስኮት ዙሩ።

የዘይት ቀለም የሚደርቀው ከአየር ኦክስጅን ወስዶ ነው። ስሱ ቦታ በቀናት፣ ወፍራሙ በሳምንታት ይደርቃል። ዘይት የነካውን ጨርቅ ደግሞ ጠቅልላችሁ ጥግ አትጣሉት፤ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት ወይም ውኃ ባለበት ክዳናም ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱት።