በ3፣ በ6፣ በ9 ሰዓት፦ ለሥራ ሰው የሚሆን የጸሎት ሥርዓት

ልጅ አልብሶ፣ ምሳ ዕቃ ቋጥሮ ታክሲ ሰልፍ ለሚሮጥ ሰው «ማለዳ ተነሥተሽ አንድ ሰዓት ጸልዪ» የሚለው ምክር ብዙ አያራምድም። ሁለት ቀን ይሞከራል፣ በሦስተኛው እንቅልፍ ያሸንፋል። የምኖረው አያት፣ የምሠራው ሜክሲኮ አካባቢ ሂሳብ ክፍል ነው። ትርፍ ሰዓት የለኝም። ቤተ ክርስቲያን ግን ቀኑን አስቀድማ ከፍላዋለች፤ በእሷው ክፍፍል መሄድ ይቀላል።

ከነግህ፣ ከማለዳው ጸሎት እንጀምር። ነጠላዬን ቁም ሣጥን ውስጥ አላስገባም፤ ከሥዕለ አድኅኖው (ከቅዱሱ ሥዕል) አጠገብ ሚስማር ላይ ነው የሚውለው፣ የጸሎት መጽሐፉም ከሥሩ። ጠዋት ነጠላ ስትፈልጉ የሚባክነው ደቂቃ ጸሎቱን ይበላዋል። በስመ አብ ብላችሁ አቡነ ዘበሰማያት፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ ከዚያ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም። ውዳሴው በሰባቱ ቀን የተከፋፈለ ስለሆነ የዚያን ቀኑን ብቻ አድርሱ።

መዝሙረ ዳዊት የታክሲ ነው። በሥርዓቱ ሰኞ ከ1 እስከ 30 ይደገማል፤ ለኛ ቢጤው ይከብዳል። በቀን አንድ ንጉሥ፣ ማለትም 10 መዝሙር ያዙ። 150ው መዝሙር 15 ንጉሥ ስለሆነ በ15 ቀን ይዘለቃል። መንገዱ ከተዘጋጋ ከአያት መገናኛ ሳትደርሱ አንዱን ትጨርሳላችሁ። የኪሱን ዳዊት ግዙ፣ ግእዙ ካልገባችሁ በአማርኛው ድገሙ። ዝርዝር ብር አስቀድማችሁ በእጃችሁ ያዙ፤ ወያላው «ሂሳብ!» ሲል ጣታችሁን ገጹ መሐል አድርጋችሁ ትሰጡትና ትቀጥላላችሁ። ቦርሳ ከተከፈተ ስልክ ይወጣል፣ ስልክ ከወጣ ደግሞ ቴሌግራም አለ። (በነገራችን ላይ፣ «ይህን ጸሎት ለ10 ሰው ካልላክሽ» የሚለውን ያለ ይሉኝታ አጥፉት። የትኛውም አባት እንዲህ ሲያስተምር አልሰማሁም።) ሲኤምሲ ሚካኤልን፣ ዑራኤልን፣ እስጢፋኖስን ስታልፉ ማማተቡን ታውቁታላችሁ፤ እግረ መንገዳችሁን ያን ቀን የምታገኙትን አንድ ሰው በስሙ አስቡት። አስቸጋሪውን ደንበኛ ቢሆን ይመረጣል።

ቢሮ ከገቡ በኋላ 3፣ 6 እና 9 ሰዓት አሉ። የኛ አገር ሰዓት ከመጽሐፉ ሰዓት ጋር አንድ መሆኑ እንዴት ያለ ነገር ነው! መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ በወረደ ጊዜ ጴጥሮስ ለሕዝቡ «ከቀኑ ሦስተኛው ሰዓት ነው» ያላቸው እኛ የጠዋቱን ሻይ በምንጠጣበት ሰዓት ነው። ጌታ የተሰቀለው በ6፣ ነፍሱን የሰጠው በ9። ስልካችሁ ላይ በእነዚህ ሰዓታት ማንቂያ ሙሉ፣ በንዝረት ብቻ። ከወንበር መነሣት አያስፈልግም፤ ዓይናችሁ ኮምፒውተሩ ላይ እንዳለ በልባችሁ አንድ አቡነ ዘበሰማያት፣ አንድ «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» የሚለውን የእመቤታችንን ጸሎት። አጠገባችሁ ያለው ሰው እንኳ አይነቃም።

ረቡዕና ዓርብ ግን ለሥራ ሰው ትልቅ ዕድል አለ፤ ብዙ ሰው አይጠቀምበትም። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ የምሳ ሰዓታችሁ ባዶ ነው። ሌላው ሲበላ እኛ ጠረጴዛችን ላይ ሆነን ስልክ ስንጎረጉር ጾሙ ረሃብ ብቻ ይሆናል። ውጡ። እኔ በእግሬ ልደታ እሄዳለሁ፤ ጫማዬን አውልቄ ተሳልሜ፣ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ወንጌል ከፍቼ እመለሳለሁ። ጴጥሮስም በ6 ሰዓት ሊጸልይ ሰገነት ላይ የወጣ ጊዜ ርቦት ነበር፤ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ላይ ተጽፏል። ሆዳችሁ ቢጮህ አትደንግጡ።

ማታ ከልጆች ጋር አጭር ይሁን። ታናሽየው ጧፍ ይይዛል፣ ታላቅየዋ አቡነ ዘበሰማያትን ትመራለች፣ እኔ እከተላለሁ። ልጅ ሲመራ አይተኛም። የራሳችሁን ረጅም ጸሎት እነሱ ከተኙ በኋላ አድርሱት እንጂ እንቅልፍ እየጣላቸው አታቁሟቸው።

ይህን ሁሉ ከመጀመራችሁ በፊት የንስሐ አባታችሁ ዘንድ ደውሉ፤ እስኪመጡ አትጠብቁ። የሥራ ሰዓታችሁን፣ የመንገዱን ርዝመት፣ የትኛው ወር እንደሚከብዳችሁ በግልጽ ንገሯቸውና ልኩን እሳቸው ይወስኑላችሁ። የኔ ከባዱ ሰኔ ነው። በጀት የሚዘጋው ሰኔ 30 ሲሆን ወሩም ጾመ ሐዋርያት ላይ ይወድቃል፤ አምሽተን ነው የምንገባው። የንስሐ አባቴ «ጾሙንና ነግሁን እንዳትለቂ፣ ዳዊቱን አቆዪው» ብለውኛል። ስለዚህ ሰኔ ላይ ታክሲ ውስጥ እተኛለሁ፤ ሐምሌ 5 ጾሙ ሲፈታ ከመዝሙር 1 እጀምራለሁ።