አደገ ወይስ ጉልበት ጨመረ? የአኒሜ ካራክተርን ገልብጦ ማየት

የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ሰርቪስ ካመለጠኝ የዚያን ቀን ነገር አለቀለት። አኒሜ፣ ማለትም የጃፓን ካርቱን ፊልም፣ የማየው ሰርቪስ ውስጥ በስልኬ፣ ማታ ደግሞ በታናሽ ወንድሜ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ሥራዬ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ኳሊቲ ነው፤ ተሰፍቶ ያለቀ ሱሪ ይመጣልኛል፣ እገለብጠዋለሁ፣ ስፌቱን በጣቴ እየተከተልኩ እሄዳለሁ። ከፊት ለፊት ሲታይ የማያምር ሱሪ የለም። የዘለለ ስፌትና ያልተቋጨ ክር የሚገኘው በግልባጩ ነው።

ከወንድሜ ጋር የሚያጨቃጭቀን ይኸው ነው። እሱ "ካራክተር ዴቨሎፕመንት"፣ የባለታሪኩ ማደግ፣ የሚለው ፀጉሩ ቀለም የቀየረውን ሁሉ ነው። አንዱ አዲስ ዓይን ይከፍታል፣ አንዱ ተራራ ይንዳል፣ ወንድሜ ትራሱን ይደበድባል፤ "አየሽ? አየሽ እንዴት እንዳደገ?" እኛ ብሎክ ውስጥ ጂም ገብቶ ክንዱ ሸሚዝ አልበቃው ያለ ልጅ አለ። አሁንም እናቱ ላይ ይጮሃል። እሱንስ አደገ እንበለው?

እንግዲህ አንድ የአኒሜ ሰው በእውነት መለወጡን እንዴት እንደማይ ልንገራችሁ። እየሄድኩ የቪንላንድ ሳጋን፣ የፉልሜታል አልኬሚስት ብራዘርሁድን፣ የደዝ ኖትንና የናሩቶን ታሪክ እዘረግፈዋለሁ። ያላየ አይቶ ይመለስ።

መጀመሪያ ወረቀት ያዙ። እኔ ፋብሪካ የተበላሹ ፎርሞችን ጀርባ ነው የምጠቀመው። ከአንድ አኒሜ አንድ ሰው ብቻ ምረጡ፤ ሁሉንም እከተላለሁ ያለ ማንንም አይከተልም። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ክፍሎች ይህን ብቻ ጻፉ፦ ምን ይፈልጋል? ሲከለከል እጁ ምን ይሠራል? "ደግ"፣ "ቁጡ"፣ "ብቸኛ" የሚሉ ቃላት አትጻፉ። እኔ ስለ ቪንላንድ ሳጋው ቶርፊን መጀመሪያ የጻፍኩት "ቁጡ ልጅ" ብዬ ነበር። ከሃያ ክፍል በኋላ ሳየው ምንም የማይጠቅም ሆነ፤ ከምኑ ጋር ላስተያየው? እንደገና ጀመርኩና እንዲህ ጻፍኩ፦ "ሁለት ጩቤ ይዟል። አባቱን ላስገደለው ሰው ይሠራል። ክፍያው ከዚያው ሰው ጋር መጋጠም ነው። ይሸነፋል። ነገም ይሠራል።" ይህ ዓይን ያለው ማስታወሻ ነው፤ በኋላ የሚፈለገው ነገር ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ።

ቀጥሎ ያው ነገር ተመልሶ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ጎበዝ ደራሲ አንድን ፈተና ሁለት ጊዜ ያመጣል፤ ያው በር፣ ያው ዕቃ፣ ያው ጥያቄ። ሰውየው በሁለተኛው ጊዜ የተለየ ነገር ካደረገ ተለውጧል። ካላደረገ፣ መሐል ላይ የቱንም ያህል ንግግር ቢያደርግ፣ ቢያለቅስ፣ አልተለወጠም።

ለመለማመድ የሚቀለው የጋራ አሸዋ ነው። ናሩቶ ውስጥ ጋራ መጀመሪያ ሲመጣ ጀርባው ላይ ቅል የመሰለ ዕቃ ተሸክሟል፣ ውስጡ አሸዋ ነው። አሸዋው ማንም እንዳይነካው እሱን ብቻ ይጠብቃል፣ ሌላውን ግን ያደቃል፤ የሮክ ሊን፣ የተፋለመውን ልጅ፣ እጅና እግር ያደቀቀው በዚያ ነው። የናሩቶ ቀጣይ የሆነው ሺፑደን ሲጀምር ጋራ የመንደሩ መሪ ሆኗል። ደይዳራ የሚባለው ጠላት ከሰማይ ትልቅ ቦምብ ሲለቅ ያንኑ አሸዋ አንስቶ መንደሩ ላይ እንደ ጣሪያ ይዘረጋዋል። በዚያም የተነሳ ራሱ ይያዛል። ለውጡ ዓይናችሁ ፊት የሆነው አሸዋው ሳይለወጥ ነው። ወንድሜ እንኳን እዚህ ላይ ዝም አለ፤ የእሱ ዝም ማለት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛው ዘዴ የመጣልኝ መብራት ሲጠፋ ነው። ብራዘርሁድ 64 ክፍል ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2010 የታየ። ኤድዋርድና አልፎንስ የሞተች እናታቸውን በአልኬሚ፣ አንዱን ነገር ከፍሎ ሌላ ነገር በመሥሪያው ጥበብ፣ ለማስነሳት ሞክረው፣ ኤድዋርድ ግራ እግሩን፣ ታናሹ ደግሞ መላ ሰውነቱን ያጣሉ፤ የታናሹን ነፍስ ከብረት ልብስ ጋር ለማሰር ኤድዋርድ ቀኝ እጁንም ይከፍላል። 63ኛው ክፍል ላይ ወንድሙን ለመመለስ መሬት ላይ የአልኬሚውን ክብ እየሣለ ሳለ ጨለመብን። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ዓመት አልፎታል። ወንድሜ ግድግዳውን በቡጢ መታ። እኔ ሻማ ለኩሼ፣ ሥራ የፈታ እጅ ምን ያደርጋል፣ ፎርም ጀርባ ላይ "አሁን ምን ይከፍላል?" ብዬ ጻፍኩ። መልሴም "ሌላኛውን እግሩን" የሚል ነበር። ወንድሜ "ሕይወቱን" አለ።

መብራት የመጣው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው፤ ተነስተን አየን። ሁለታችንም ተሸንፈን ነበር። ኤድዋርድ የከፈለው አልኬሚውን ራሱን ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ስም የሰጠውን፣ እንጀራ የሆነውን ችሎታ። ክፍያውን የሚቀበለው፣ የአልኬሚውን በር የሚጠብቀው ነጭ ፍጡር "ተራ ሰው ሆነህ ልትቀር ነው?" ሲለው ድሮም ተራ ሰው ነኝ፣ አንዲት ትንሽ ልጅ እንኳን ማዳን ያልቻልኩ፣ ይላል። ያን ጊዜ ብድግ አልኩ። ትንሿ ልጅ ኒና ናት፤ ገና በ4ኛው ክፍል ገዛ አባቷ ከውሻዋ ጋር አዋሕዶ አውሬ ያደረጋት። ስፌቱ የተጀመረው እዚያ ነው፤ ሁለቱ ወንድማማቾች ደረጃ ላይ ዝናብ እየመታቸው የተቀመጡበት ቦታ ላይ። ክሩ ስልሳ ክፍል ሙሉ በውስጥ በኩል ሲሄድ ከርሞ 63ኛው ላይ ወጣ።

ስለዚህ ትልቅ ውሳኔ ሲመጣ እናንተም መብራቱ እስኪጠፋ አትጠብቁ፣ አቁሙት። ምን እንደሚያደርግ ጻፉና ቀጥሉ። ከተሳሳታችሁ ወደ ኋላ ሄዳችሁ መነሻውን ፈልጉ። መነሻው ካለ ሰውየው አድጓል፣ እናንተ ነበራችሁ ያላያችሁት። መነሻ ከሌለው ግን ደራሲው ቸኩሎ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሱሪ እኛ ለጥገና እንመልሰዋለን።

አሁን ወደ ቶርፊን ልመለስ፤ እኔ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ባበዛበት ይቅር በሉኝ። ቪንላንድ ሳጋ የሚሆነው በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ በቫይኪንጎቹ ዘመን ነው። የመጀመሪያው ሲዝን 24 ክፍል፣ እ.ኤ.አ. በ2019፤ ሁለተኛውም 24፣ በ2023። የመጀመሪያው መጨረሻ ላይ ሊበቀለው የኖረው አስኬላድ በሌላ ሰው እጅ ይሞትበታል። ሁለተኛው ሲዝን ሲጀምር ቶርፊን የገበሬ ባሪያ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ "ሞቷል፣ ይደብራል" ብሎ ይተወዋል። እባካችሁ አትተዉት።

እናቴ አኒሜ "የልጆች ነገር" ነው የምትለው። አንድ ቅዳሜ ቡና እየቆላች ሳለ ቶርፊንና አብሮት ባሪያ የሆነው አይናር ጫካ ሲመነጥሩ አየች። ዛፉን ቆርጠው ጉቶው አልነቀል አላቸው። እናቴ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ገጠር ነው ያደገችው። መቁያውን ከእሳቱ አነሳችና "ዙሪያውን ካልቆፈሩት መቼ ይነቀልላቸዋል?" አለች። ከዚያ ፈረስና ማረሻ ከሽማግሌው ሲዋሱ "ጎሽ" አለች። ስንዴው በቅሎ ሌሊት ክፉ ሰዎች የነቃቀሉት ዕለት ደግሞ ቡናውን ቀድታ መስጠት ረሳች። "ይሄ ልጅ ሰው የገደለ ነው ያልሽኝ?" ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። "እንግዲያ ያላበቀለ ሰው ምን ያውቃል፣ አሁን አወቀ" አለች።

እሷ ያየችውን እኔ በማስታወሻ አላየሁትም ነበር። ለውጥ አንዳንዴ አንድ ትልቅ ትዕይንት ውስጥ የለም፤ ሰውየው በየቀኑ በሚሠራው ሥራ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዝግ ያሉ ክፍሎችን በፍጥነት አታሳልፉ። ካራክተሩ ምን ይበላል፣ ሌሊት እንዴት ይተኛል፣ ከማን ጋር ይሠራል የሚለውን ጻፉ። ቶርፊን ሌሊት እየጮኸ ይነቃል፣ ያየውን ሕልም ግን አያስታውሰውም። ሕልሙን ያስታወሰ ቀን፣ የገደላቸው ሰዎች ሲይዙት ያየ ቀን፣ ከእንግዲህ ሰው ላልመታ ብሎ ይምላል። ከዚያ በኋላ ፈተናው ይመለሳል፦ ንጉሥ ከኑትን ማነጋገር ይፈልጋል፣ ወታደሮቹ ይከለክሉታል። የመጀመሪያውን ወረቀቴን አወጣሁ። "ሲከለከል እጁ ምን ይሠራል? ሁለት ጩቤ።" አሁን ግን መቶ ቡጢ ልቀበልና ቆሜ ከተገኘሁ አሳልፉኝ ይላል። አንድም አይመልስም። ፊቱ አብጦ ለምን እንደማይመታ ሲጠየቅ ጠላት የለኝም ይላል፤ አባቱ ቶርስ በልጅነቱ ጩቤ ይዞ ሲያገኘው የነገረውን። ያን ጊዜ አልገባውም ነበር።

ማደግ ሁሌ ወደ ላይ ነው ያለ ደግሞ የለም። ደዝ ኖት 37 ክፍል ነው፤ ስሙ የተጻፈበት ሰው የሚሞትበትን ደብተር ስላገኘ ተማሪ፣ ስለ ላይት ያጋሚ። ስለ እሱ ሰው ሁሉ "መቼ ተበላሸ?" ብሎ ይከራከራል። በእኔ ቆጠራ ክፍል 2 ላይ ነው። እስከዚያ ስማቸውን ጽፎ የሚገድላቸው ወንጀለኞች ናቸው፣ ፍርድ ነው ይላል። በቴሌቪዥን አንድ ሰው ወጥቶ ክፉ ነህ ብሎ ሲሰድበው ግን በንዴት የዚያን ሰው ስም ጻፈ። ሰውየው ሞት የተፈረደበት እስረኛ ነበር፤ ላይት ግን ያን ጊዜ አላወቀም። ፍርድ አልነበረም፣ ኩርፊያ ነበር።

እዚሁ ላይ አንድ ተጨማሪ ዘዴ፦ ዕቃውን ሲነጠቅ እዩት። ላይት ደብተሩን ትቶ ትዝታው ሲጠፋ ቅን ልጅ ይሆናል፤ የምትወደውን ልጅ ሚሳን መጠቀሚያ ማድረግ እንኳን አይፈልግም። ከዚያ ሄሊኮፕተር ውስጥ ደብተሩን ሲነካ ይጮኻል፣ ፊቱ ይመለሳል። እኔ ያን ጩኸት ሰርቪስ ውስጥ በኤርፎን ስሰማው ደንግጬ አጠገቤ የተኛችውን ልጅ ቀሰቀስኳት። ሁለቱን ላይቶች ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ምን ያህል እንደወረደ በትክክል ይለካል።

የማይለወጡም አሉ፣ ያ ጉድለት አይደለም። የዋን ፒስ አኒሜው የባሕር ወንበዴ ሉፊ የመጀመሪያ ቀን የፈለገውን ዛሬም ይፈልጋል። እሱ ላይ ወረቀት አታባክኑ፤ ያገኛቸውን ሰዎች ጻፉ። ለዓመታት ብቻዋን ስትሸከም የኖረችው ናሚ እርዱኝ ለማለት የበቃችበትን ቀን ፈልጉ፤ ሉፊ ያደረገው ባርኔጣውን ራሷ ላይ ማኖርና መሄድ ብቻ ነው።

ፊለር የሚባሉትን ክፍሎች በማስታወሻ ውስጥ አታስገቡ። አኒሜው የተሠራበትን ማንጋ፣ ማለትም የጃፓን የሥዕል መጽሐፍ፣ ሲደርስበት ደራሲው እስኪቀድም ጊዜ መግዣ የሚሠሩ ናቸው፤ የመጀመሪያው ናሩቶ ከ220 ክፍሎቹ የመጨረሻዎቹ ሰማንያ ያህሉ ባብዛኛው እንዲህ ናቸው። ዋናው ታሪክ ቆሞ ስለሚጠብቅ እዚያ ውስጥ ማንም ከልቡ እንዲለወጥ አይፈቀድለትም። ለሳቅ እዩዋቸው።

አንድ ነገር ግን እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች እንቀድማለን። የእንግሊዝኛው ሰብታይትል ሁሉንም በአንድ "ዩ" ይጠቀልለዋል። በጃፓንኛ ግን ሰው ሲጠራ ሳን፣ ኩን፣ ሰንሴ ይጨመርበታል፣ ወይም ባዶ ስሙ ይጠራል፤ እንደ አንተና አንቱ በሉት። በጆሯችሁ ተከታተሉት። ወንድሜ ሲኮርፍ በቤት ስሜ አይጠራኝም፣ "እህቴ" ይለኛል፤ የታረቅን ቀን ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ። አንድ ካራክተር ሌላውን የሚጠራበት መንገድ የተለወጠበትን ክፍል ቁጥሩን መዝግቡ። ብዙ ጊዜ ከዚያ አካባቢ አንድ ነገር ሆኗል።

ልጀምር ያለ በደዝ ኖት ይጀምር፣ አጭር ስለሆነ በሁለት ሳምንት ሰርቪስ ያልቃል። ብራዘርሁድ ሁለተኛ። ቪንላንድን ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ እዩት፣ ከተቻለ ያረሰ ሰው ባለበት። እናቴ ትናንት ሽንኩርት እየላጠች "የዚያ ልጅ ስንዴ ታጨደ?" አለችኝ።